አፉ የተመረገ ጋን

አንድ አትክልተኛ ነበረ፤ ጋን መርጎ ሚስቱን ገደለ።

አትደንግጥ፣ ልጄ ይስማው። እርጅና መጥቶብኝ ጥያቄህን ረስቼ ሌላ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልህ። አልረሳሁትም። ታናሽ ወንድምህ በድሎሃል። የእርሻ ድንበር ገፍቶብሃል፣ በሰው ፊት ስምህን አንስቶ ጥሏል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እናታችሁ ስትቀበር አልመጣም። ይህን ሁሉ ሰባት ዓመት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ይዘኸዋል። አሁን እሑድ ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ ዘመድ አዝማድ ዳሱ ውስጥ ይሰበሰባል። «ያን ጊዜ ተነሥቼ ሁሉንም ልዘርግፈው፣ ወይስ እንደያዝኩት ልሙት?» ነው ያልከኝ። ሁለት መንገድ አሳይተህ ምረጥልኝ አልክ። እኔ ደግሞ ከመምረጤ በፊት የአትክልተኛውን ነገር ልንገርህ። ሲያወራ ይጨምራል ብለው ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። የጨመርኩት ላይ ስንደርስ አንተው ታውቀዋለህ።

ይህ አትክልተኛ ከአንዲት ምንጭ በታች፣ ከአፈሩ ድንጋዩ በሚበዛበት ቁልቁለት ላይ ይኖር ነበር። እርሻው ለስም ያህል ነው። ጓሮው ግን ሌላ ነበር! አንድ ቀን ዝናብ ያገኛቸው ቄስ ከነዲያቆናቸው፣ ከነበቅሏቸው በአንዲት የጎመን ቅጠል ሥር ተጠልለው፣ እስኪያባራ ድረስ ዳዊት ደግመው ጨርሰዋል። ዱባው ውስጥ ከነጫጩቶቿ የገባች ዶሮ ስትፈለግ ከርማ፣ ዱባው ሲቆረጥ ጫጩቶቹ አውራ ዶሮ ሆነው እየጮሁ ወጡ። ቃሪያውን ሲቀጥፉት ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ያስነጥሰው ነበር፤ የማዶ ሰዎችም «ይማርህ» እየተባባሉ ይውሉ ነበር ይባላል።

ምሥጢሩ ከደጁ የተቀመጠ ጋን ነው። ዓመት የቆየ ፍግ፣ በስብሶ በስብሶ ፍግነቱን የረሳ፣ በአሮጌ ጆንያ ታስሮ ጋኑ ውስጥ ይዘፈዘፋል። አትክልተኛው ማለዳና ማታ በወይራ ዘንግ ያማስለዋል። በሦስተኛው ቀን ውሃው የደረሰ ጠላ መልክ ይይዛል፤ ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ይሆናል። ያን ጊዜ እየቀዳ፣ በውሃ እያቀጠነ ያጠጣል፤ በጎደለው ልክ ውሃና ፍግ ይጨምራል። መንደርተኛው «የጎመን ሻይ» ይለዋል። «ስኳሩን ቀምሰህለታል?» ይሉታል፤ «ያለ ቁርስ እንዳትሰጠው፣ ልቡን ያቃጥለዋል!» እያሉ ይስቁበታል። እየሳቁ ግን ቅል ቅላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጋኑ ከደጅ ነው፣ አፉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይቀዳል። የቀዳ ሰው ደግሞ ዘንጉን ይዞ ሁለት ሦስቴ ሳያማስል አይሄድም። ልማዱ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል ጋኑ በሰው ሁሉ እጅ ሲማሰል ይውላል።

ይህን ያስተማረው አባቱ ነበር። አባትየው ሊሞት ሲል ልጁን ጠርቶ ስለ ርስት አልነገረውም፤ ርስት አልነበረውማ። «የፍግ ውሃ እስትንፋስ ያለው ነገር ነው» አለው። «አፉን አትዝጋበት። ሳታማስለው አትደር። ለአንድ ቅል ዐሥር ቅል ውሃ ጨምርበት። ፀሐይ ሲበርድ አጠጣው። ቅጠሉን ሰው ይበላዋልና ከሥሩ አፍስስ። አፍንጫህን ደግሞ እመነው፤ አፈር አፈር ካለህ ምግብ ነው፤ ሬሳ ሬሳ ካለህ ግን ምንም ብትራብ አትንካው።» ይህን ብሎ ሞተ። ልጁም ሃያ ዓመት ያህል እንደተባለው አደረገ።

ከዚያ አንድ ዓመት ክረምቱ ቀረ።

ሰኔ ያለ ደመና አለፈ። ሐምሌ ገባ፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ድስት ንጹሕ ነበር። የተዘራው ጤፍ አፈር ውስጥ እንደተኛ ቀረ። ምንጩ ግን ቀጠነ እንጂ አልነጠፈም፤ ጓሮ ያለው ሰው ጓሮውን ይዞ ከረመ። አትክልተኛው ያን ጊዜ ሚስትና የስምንት ወር ሴት ልጅ ነበሩት። የሦስቱ ነፍስ ያለው ከምንጩ በታች ባሉት የጎመን መደቦች ላይ ነበር።

በየማለዳው በሩ ላይ ቆሞ የሚቀዱትን ማየት ጀመረ። ድሮ የሚያየው ሰው ነበር፤ ሰላም ይላል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል። አሁን የሚያየው ቅል ብቻ ሆነ። ያቺ ትልቅ ናት፣ ያቺ ትንሽ ናት፣ ያቺ ትናንትም መጥታለች። እያንዳንዷ ቅል ከልጁ አፍ የወጣች ጎመን መሰለችው። ዓይን ይበላብኛል ብሎም ፈራ።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ ለዝክር ብላ ከደበቀቻት አንድ ቁና ገብስ ጠላ ጣለች። ደፍድፋ ስታበቃ የጋኑን አፍ በጭቃ ስትመርግ ባልየው ጎንበስ ብሎ አያት። ዕድሜ ልኩን ሲያየው የኖረውን ነገር ገና ያን ቀን አየው።

«ለምንድን ነው የምትመርጊው?» አላት።

«ደህና ነህ? ስትጠጣ ኖረህ ዛሬ ትጠይቃለህ?»

«ንገሪኝ እስቲ።»

«ታፍኖ ካልሰነበተ ምኑን ጠላ ሆነው! በታፈነ ቁጥር ይበረታል። የአንተን ጉልበት በሁለት ጣሳ የሚያወልቀው ምን መሰለህ?»

ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ነገሩ ልቡ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጠላ በታፈነ ቁጥር ይበረታል። የፍጉንም ውሃ ጠላ እንደሚጠነስሱት በጋን እንጠነስሰዋለን፤ እሱም አረፋ አለው፣ እሱም ይፈላል። አባቴ እየከፈተ ጉልበቱን ሲያስበትነው ኖሮ እንደሆነስ? አርባ ቀን ባፍነው፣ የአርባ ቀን ኃይል በአንድ ቀን አይሰጠኝም?

በማግሥቱ ውሃውን በገንቦ ገልብጦ፣ ጋኑን ከደጅ እያንከባለለ ወደ ጓሮ አገባው። ውሃውን መልሶ፣ ፍግ አጭቆ ሞላው፤ አፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠመበት፤ በጭቃና በእበት ዙሪያውን መረገው። ሚስቱ ልጇን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ምነው መቃብር አስመሰልከው?»

«ይበርታ ብዬ ነው።»

«አንተ ሰው፣ እህልና ፍግ አንድ ጠባይ የላቸውም። ጠላው ለሆድህ ነው፣ ይሄ ግን ለሥር ነው። ደግሞ አባትህ አይደለም እንዴ አፉን አትዝጋበት ያለህ?»

«አባቴ እንዲህ ያለ ድርቅ አላየም» አለና ቁጣ ቁጣ አለው። ሚስቱ ዐወቀችው። እንስራዋን አወረደች፣ ወደ ቤት ገባች።

ወዲያው አንዲት ጎረቤቱ፣ ልጆቿን ቀብራ ብቻዋን የቀረች ባልቴት፣ እንደ ልማዷ ቅሏን ይዛ መጣች። ደጁ ባዶ ነው። በአጥሩ ብቅ ብላ ጓሮውን አየች።

«ጋኑ ምነው፣ ቆብ ደፍቶ መነኮሰ እንዴ?»

«አለቀ፣ እትዬ» አላት።

«አለቀ? ትናንት እስከ አፉ አልነበረም?»

«ትል ወደቀበት፣ ደፋሁት።»

ባልቴቷ ድንጋዩን አየች፣ እርጥቡን ጭቃ አየች፣ እሱንም አየችው። የእርጅና ዓይን ነገር ማየቱን ሲተው እንኳ ሐሰት ማየቱን አይተውም። «ይሁን፣ የኔ ወንድም» አለች። «ሰሞኑን ካንተ የቀዳኋት ትንሽ ቤት ውስጥ አለችኝ። እሷኑ እያማሰልኩ፣ እንደ እርሾ እየጨመርኩባት አበዛታለሁ።» ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲያ መንደርተኛው ቅሉን ይዞ ወደ እሷ ደጅ ዞረ። አትክልተኛውም ደጁ ጭር ሲል «ተገላገልኩ» አለ።

ጋኑ ጓሮ ውስጥ ተቀመጠ። በሳምንቱ ጆሮውን ቢለጥፍበት ውስጡ ያጉረመርማል፤ ደስ አለው። «እየበረታ ነው» አላት ለሚስቱ። በሁለተኛው ሳምንት ጭቃው ተሰነጠቀና እባብ የመሰለ ድምፅ አወጣ፤ ሌላ ጭቃ ደረበበት። በሦስተኛው ደግሞ ተሰነጠቀ፤ ደግሞ ደረበበት። የጎመኑ ቅጠል በበኩሉ ከጠርዙ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ሃያ ዓመት ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ መጠጣት የለመደ ሥር ድንገት ውሃ ብቻ ሲሆንበት ምን ያድርግ?

«ጎመኑ ቢጫ ሆነ» አለችው ሚስቱ።

«ይታገስ።»

«ሰው እንጂ ጎመን ታገስ ሲሉት ይሰማል?»

«ስከፍተው የአርባ ቀኑን ባንዴ ይክሳል አልኩሽ!»

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ከልጅቱ ጋር ብቻ ማውራት ጀመረች።

በአርባኛው ቀን ሚስቱ ወደ ምንጭ ስትወርድ ጠብቆ ጭቃውን ፈለጠ። ድንጋዩን ሳያነሣው ራሱ ተነሣ፤ አጥር ዘሎ ከጎረቤት ማሳ ወደቀ። ሽታው ወጣ። ይስማው፣ ያንን ሽታ ምን ብዬ ልንገርህ! በሩቅ ሲያልፍ የነበረ ጅብ በአንድ እግሩ አፍንጫውን ይዞ በሦስት እግሩ ሮጠ። አሞሮች «ይህን የምንበላ እኛ ማን ነን» ብለው አገር ለቀቁ። ሁለት ወረዳ አልፎ በምትገኝ ገበያ የቆዳ ነጋዴዎች እርስ በርስ እየተያዩ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ተባብለው ተደባደቡ።

እሺ፣ ሳቅ። ስቀህ ጨርስ። ከዚህ በኋላ የሚያስቅ የለም፤ እኔም ከዚህ በኋላ አንዲት ነገር አልጨምርም።

አትክልተኛው ጋኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ዘይት ያለ ነገር ያብረቀርቃል። ሬሳ ሬሳ ይላል። አፍንጫው ነገረው፣ አባቱም በአፍንጫው በኩል ነገረው። እጁ ቅሉን ይዞ ቆመ። ሊደፋው ይችል ነበር። ነገር ግን አርባ ቀን ጠብቋል፤ አርባ ቀን ሙሉ ሚስቱን «ታገሺ» ብሏል፤ ባልቴቷን ዋሽቷል። ይህን ሁሉ ደግሞ ለሬሳ ነው ያደረግኩት ብሎ እንዴት ያምናል? «ኃይለኛ ነገር መሽተቱ አይቀርም» አለ ለራሱ። ለአንዱ ቅል ዐሥር ቅል ውሃ ለመጨመር ምንጭ መውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ሚስቱም ትመለሳለች። «ደግሞስ አርባ ቀን የተራበን ሰው ቀጭን አጥሚት ነው የሚያጠጡት?» አለ። አጥሚት ነበር የሚያጠጡት። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እሱም ያውቅ ነበር።

በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሳያቀጥን ቀዳው። ከመጀመሪያው መደብ እስከ መጨረሻው፣ ከትልልቁ ጎመን እስከ ችግኙ፣ ከሥሩም ከቅጠሉም ላይ አፈሰሰው።

ሚስቱ እንስራዋን ይዛ አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ሽታው መታት። እንስራዋን አስቀመጠች። ቅሉን አየች፣ መደቦቹን አየች።

ማታውን ቅጠሎቹ እንደ ሕመምተኛ ጣት ተጨራመቱ። በማግሥቱ የምድር ትሎች ከአፈሩ እየወጡ መደቦቹ ላይ ሞተው ተገኙ። በሦስተኛው ቀን ጓሮው ጥቁር ነበር። አትክልተኛው አንዱን ጎመን ቢስበው ያለ ምንም ትግል ወጣለት፤ ሥሩ እንደ ተቀቀለ ነገር እጁ ላይ ተላላጠ።

ድንገት የሚመጣ ረኃብ የለም። መጀመሪያ ያለቀው የደረቀው ጎመን ነው። ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው። ቀጥሎ ዶሮዎቹ። ሚስቱ ሳማ እየለቀመች ቀቀለች፤ ሳማውም አለቀ። ቀጥሎ ጡቷ አለቀ።

ጎረቤት አልነበረም ወይ ትለኛለህ። ነበረ። በየጓሮው ትንሽ ትንሽ ጎመን ነበረ፤ ባልቴቷ ያበዛቻት የፍግ ውሃ መንደሩን ይዛ ነበር። አትክልተኛው ግን ምን ብሎ ይሂድ? ትል ወደቀበት ያለው እሱ ነው። ጋን መምረግ የለመደ እጅ በሩንም መረገው። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ይላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ይህችን ቃል እያለ ሞቷል። የጠየቀው ሰውም ደህና ናቸው ብሎ ያልፋል።

አንድ ማለዳ ሚስቱ መነሣት አቃታት። ልጅቱን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች ባሏን ጠራችው። ይወቅሰኛል ብሎ የጠበቀው አፍ ነበር፤ ፈርቶ ቀረበ።

«የጋኑን ነገር» አለች፤ ትንፋሽ አጠራት። «አንዴ ተናግሬህ፣ ስትቆጣ ተውኩት። በየማለዳው ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ረፋድ ላይ ሞተች።

ባልቴቷ የመጣችው የልጅ ልቅሶ ሰምታ አይደለም፤ የልጅ ልቅሶ መቆሙን ሰምታ ነው። የሞተ ሕፃን የምታውቅ ሴት ያን ዝምታ ታውቀዋለች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ በነጠላዋ ጎመን ይዛለች። ሟቿን አየች፤ ሕፃኗ የእናቷን ጡት በአፏ ይዛ፣ ሳትስብ፣ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች። ባልቴቷ ሟቿን ከማልቀሷ በፊት እሳት አነደደች። ጎመኑን ቀቅላ፣ ውሃውን አብርዳ፣ በጣቷ ጫፍ እያነካች ልጅቱ ከንፈር ላይ አደረገች። አንዴ። ሁለቴ። ብዙ ጊዜ። ከዚያ ልጅቱ ጣቷን ሳበችው።

ያን ጊዜ ነው ወደ ጥግ ዞራ አትክልተኛውን ያየችው።

«ይህ ጎመን ያንተ ነው» አለችው። «ካንተ ጋን ነው የጠጣው።»

ሰው ሲሰደብ መልስ አለው፤ ሲመታም መልስ አለው። ለዚህ ግን ጮኸ አሉ፤ ባልቴቷም ያን ጊዜ አብራው ጮኸች፣ መንደሩም ሰማ፣ መጣም።

ከቀብር መልስ ጋኑን ሊሰብር መጥረቢያ ይዞ ተነሣ። ግማሹ ገና ሙሉ ነበር። ባልቴቷ እጁን ያዘችው።

«ጋኑ ምን በደለ? ውስጥ ያለውንም ወንዝ ውስጥ እንዳትደፋው፤ ከታች የሚጠጣ ሰው አለ።»

«ታዲያ ምን ላድርገው፣ እትዬ? የት ልሂድበት?»

«ከጓሮ ራቅ አድርገህ ገለባ ከምር። ትንሽ ትንሽ እያልክ እላዩ ላይ አፍስሰው። ፀሐይ ያግኘው፣ ነፋስ ይምታው፤ በየሳምንቱ ገልብጠው። ይገማል፤ ቻለው። ዓመት ሲሞላው አፈር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እጅህ ቢነካውም ምንም አይልህም።»

እንደ ነገረችው አደረገ። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ክምሩን ገለበጠ፤ በገለበጠ ቁጥር ያ ሽታ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር ያቺን ማለዳ ያያታል። ዓመት ሲሞላ ጋኑን እያንከባለለ ወደ ደጅ መለሰው። ዘንጉን አቆመበት። ሰዎች ቅላቸውን ይዘው መጡ፤ ቀልዱ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ መንገደኛ በደጁ ሲያልፍ ያልተከደነውን ጋን አይቶ፣ «አባቴ፣ ክደነው እንጂ፣ ዝንብ ይገባበታል» አለው።

«መክደን አውቃለሁ» አለው አትክልተኛው፤ ማማሰሉንም አላቆመም።

ልጅቱም አድጋ «እናቴ ምን ሆና ሞተች?» ብላ ጠየቀችው። አፉ ሊዘጋ ዳዳው። ነገር ግን ነገራት። ለልጅ በሚሆን ልክ አቅጥኖ፣ በየማለዳው ትንሽ ትንሽ፣ ዘንጉን አብረው ይዘው እያማሰሉ ነገራት። ጠላችው ወይስ ወደደችው አላውቅም። ያንን አልነገሩኝም። ጋኑን ግን እስከ ዛሬ እሷ ታማስለዋለች ይላሉ።

እንግዲህ ይስማው፣ ወዲህ ተመልከት። ጋኑ ያንተ ሆድ ነው። ፍጉ ወንድምህ ያደረገብህ ነገር ነው፤ ፍግ ደግሞ ክፉ አይደለም፣ ወቀሳ ለወዳጅነት ምግቡ ነው። ድንበር የገፋብህ ዕለት ማታውኑ ሄደህ «ይህን ለምን አደረግክ?» ብትለው ኖሮ ሽታው የአፈር ነበር። አንተ ግን ጠላ መሰለህ። ይበርታ ብለህ መረግከው። በተሰነጠቀ ቁጥር ጭቃ ደረብክበት፤ እሱ ሲያልፍ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልከው። አሁን ሰባት ዓመት ሆነው። አትክልተኛው አርባ ቀን አፍኖ ያን ያህል ካቃጠለ፣ ያንተን ሰባት ዓመት በቀትር፣ በሠርግ ዳስ፣ ከሥሩም ከቅጠሉም ላይ ስታፈስሰው ምን እንደሚቀር አስበው። የምትደፋው ወንድምህ ላይ ብቻ አይደለም። ሙሽራዪቱ ችግኝ ናት።

እንደያዝኩት ልሙት ማለትህም ያው ነው። የተመረገ ጋን መጀመሪያ የሚገድለው ቤቱን ነው። ሚስትህ ስንት ዓመት ሆናት ከልጆቿ ጋር ብቻ ስታወራ? አትመልስልኝ፤ እዚህ ስትገባ ሸቶኛል።

የቆየውን ዛሬ ለእኔ ትንሽ አፈሰስክ። እኔ ገለባ ነኝ፣ ይዤ እችለዋለሁ። ነገም ና፣ ከነገ ወዲያም ና፤ እየገለበጥን አፈር እናደርገዋለን። ወደ ዳሱ ግን በወቀሳ አትሂድ፤ እሑድ ሂድና መርቃት፣ ብላ፣ ጠጣ። ከሠርጉ በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ብቻህን ወደ በሩ ሂድ። ከሰባቱ ዓመት አንዲት ቅል ብቻ ያዝ። ድንበሩን ተወው፣ ስምህን ተወው። «እናታችን የተቀበረች ዕለት እስኪመሽ ጠብቄህ ነበር» በለው። ከዚያ በላይ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምር። ዝም በልና ሥሩ እስኪጠጣው ጠብቅ።